ላዲኖ ማን ነው?

የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ላዲኖ» የምትለውን ቃል ፈልጎ የሚያነብ ሰው፣ የአምስት የተለያዩ ሰዎችን መታወቂያ ባንድ ኪስ ውስጥ ያገኘ ያህል ግራ ይገባዋል። ላዲኖ ብልጥና ተንኮለኛ ሰው ነው ይላል። ላዲኖ የመካከለኛው አሜሪካ ክልስ ነው ይላል። ላዲኖ ከስፔን የተባረሩት አይሁዶች ቋንቋ ነው፤ ላዲኖ የድሮው ስፓኒሽ ራሱ ነው፤ ላዲኖ የሌላውን ሰው ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነው። በአልፕስ ተራሮች ውስጥ የሚነገር አንድ ትንሽ ቋንቋም በዚሁ ስም ይጠራል (እሱን እዚሁ እንሰናበተው፤ የአጎት ልጅ ነው እንጂ የቤቱ ልጅ አይደለም)።

መዝገበ ቃላት ፍች ይደረድራል እንጂ ወሬ አያወራም። ወሬው የኛ ሥራ ስለሆነ እስቲ እናውራው። ወሬ ስላልን ግን ነገሩን አታቅልሉት። ይህች ቃል አንድ ወረቀት ላይ በመስፈሯ ብቻ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ባሪያ ሆነው ሊቀሩ ነበር። እዚያ እንደርሳለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከላቲን ነው። ሮማውያን «ላቲኑስ» ይሉት የነበረው ቃል በስፔን ሕዝብ አፍ ውስጥ ሲንከባለል «ት» የነበረችው ለስልሳ «ድ» ሆነች። በላቲን ሕይወት ማለት የነበረው «ቪታ» በስፓኒሽ «ቪዳ» እንደሆነው ሁሉ፣ «ላቲኑስ»ም «ላዲኖ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተማሩት ሰዎች ዋናውን ቃል ከመጽሐፍ አውጥተው «ላቲኖ» ብለው እንደገና አስገቡት። ስለዚህ ዛሬ በየዘፈኑ የምንሰማው «ላቲኖ» እና የኛው «ላዲኖ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ትምህርት ቤት ገባ፣ አንዱ መንገድ ላይ አደገ።

ላቲን በመካከለኛው ዘመን ስፔን የነበረው ቦታ፣ ግዕዝ እኛ ዘንድ ከነበረው ብዙም አይርቅም። የቤተ ክርስቲያን፣ የሕግና የጽሕፈት ቋንቋ ነበር። ላቲን የገባው ሰው የተማረ ሰው ነው። በ1611 የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሴባስቲያን ደ ኮባሩቢያስ ስለ ላዲኖ ሲጽፍ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ድሮ ላቲን የተማሩ ሰዎች አስተዋይ ተብለው ይከበሩ እንደነበር ይነግረናል። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ይጨምራል። ሙሮችና ባዕዳን ቋንቋችንን ከኛ እስከማይለዩ ድረስ ሲያውቁት እነሱንም ላዲኖ እንላቸዋለን ይላል። ከዚህች ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ዓይናችሁን አታንሱ፤ መዘዙ ሁሉ የሚመጣው ከሷ ነው።

ስፔን በዚያ ዘመን የሁለት ዓለም አገር ነበረች። በ711 ከሰሜን አፍሪካ የተሻገሩ ሙስሊሞች አብዛኛውን ምድር ያዙ። የመጨረሻዋ ግዛታቸው ግራናዳ በክርስቲያን ነገሥታት እጅ የወደቀችው በ1492 ነው። ወደ ስምንት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጉርብትና ማለት ነው፤ አንዳንዴ በጦር፣ አንዳንዴ በገበያ። ከላቲን የተወለደውን የሕዝቡን ቋንቋ ላዲኖ አሉት። ዐረብኛውንስ? «አል ዐረቢያ» ከሚለው «አልጋራቢያ» የሚል የስፓኒሽ ቃል ወጣ፤ ዛሬ ፍቹ ጫጫታ፣ ምን እንደሚል የማይለይ ንግግር ሆኖ ቀርቷል። የራስ ቋንቋ ንግግር ነው፣ የጎረቤት ቋንቋ ጫጫታ። (በዚህ ስፔኖችን ብቻ የሚወቅስ ካለ መጀመሪያ ሰፈሩን ይጠይቅ።)

ታዲያ ሙር ሆኖ የክርስቲያኖቹን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ሲገኝስ? ስለ ጀግናው ኤል ሲድ በሚተርከው ጥንታዊ የስፔን ግጥም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ። የሲድ ወዳጅ የሆነ አንድ የሙር ገዥ የሲድን ሁለት አማቾች በክብር ያስተናግዳል። አማቾቹ ደግሞ ሀብቱን አይተው ጎመጁና ገድለውት ሊወስዱ በቋንቋቸው ይዶልታሉ። በአቅራቢያቸው የነበረ አንድ ሙር ያሉትን ሁሉ ሰማ፤ ሄዶም ለጌታው ነገረ። ሴራው ከሸፈ። ገጣሚው ይህን ሰው «ላቲናዶ» ይለዋል፤ የላዲኖ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው።

አሁን ከዶላቾቹ ጎን ቆማችሁ እዩት። ያ ሰው ለነሱ አስተዋይ ነው? የተማረ ነው? ጆሮ ጠቢ ነው እንጂ! አማርኛችን «ብልህ» ን ከ«ብልጥ» ለይቶ አስቀምጦልናል፤ ልጃችንን ብልህ እንላለን፣ የሰው ልጅ ሲሆን ብልጥ። ስፓኒሽ ሁለቱንም ላንዲት ቃል አሸከማት። ላዲኖ ከብልህ ተነስቶ ብልጥ ላይ አረፈ። ሰውየው ግን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጠሪው ነው።

ይህን መንገድ በሥጋው የኖረ ሰው አለ። ሁዋን ላቲኖ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን በባርነት ያደገ ጥቁር ሰው ነው። የሴሳ መስፍን ቤት ባሪያ ሳለ የትንሹን ጌታ መጻሕፍት ተሸክሞ ትምህርት ቤት ድረስ ይሄድ ነበር። ተሸካሚው ከባለቤቱ ይበልጥ ተማረ። ከባርነት ወጣ፣ የግራናዳን ሴት አገባ፣ በካቴድራሉ ትምህርት ቤት የላቲን መምህር ሆነ። በ1573 በላቲን ያሳተመው መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በፊት ስለተካሄደው የሌፓንቶ የባሕር ውጊያ የጻፈውን ረጅም ግጥም ይዟል። ሴርቫንቴስ እንኳ በ1605 በወጣው ዶን ኪኾቴ መግቢያ ላይ ባሉት ግጥሞች ስሙን አንስቶታል። ልብ በሉ፤ ስፓኒሽ የሚናገር ሌላው ጥቁር ሁሉ «ላዲኖ» ሲባል እሱ «ላቲኖ» ተባለ። ከ«ድ» ወደ «ት» ለመሻገር አንድ ሙሉ ዕድሜ ፈጀበት ማለት ነው።

እኛን የሚመለከት ነገርም አለው። ሁዋን ላቲኖ በመጽሐፉ ራሱን ኢትዮጵያዊ ይላል፤ በሕፃንነቱ ከኢትዮጵያ የመጣ። ወገኖቻችን ግን ሐውልት ለማቆም አትቸኩሉ። በዚያ ዘመን ላቲን «ኢትዮጵያ» ማለት ጥቁር ሰው የሚኖርበት ምድር ሁሉ ነው፤ ከጊኒ ዳርቻ ይምጣ ከሸዋ ቃሉ አይለይም። እንዲያም ሆኖ ለንጉሥ ፊሊጶስ ሁለተኛ የጻፈው ነገር ሳያስፈግገን አላለፈም። የኔ ጥቁር ፊት ሹማምንትህን ደስ ካላላቸው፣ በኢትዮጵያም ነጭ ፊት ደስ አይልም የሚል መልእክት ያለው ነው። ይህን ያለው ለዚያ ዘመን የዓለም ኃያል ንጉሥ ነው፤ ያውም ሰዋስው በጠበቀ ላቲን።

1492ን አንስተን አይሁዶችን ሳናነሳ ማለፍ ነውር ነው። ግራናዳ በወደቀች በሦስተኛው ወር፣ መጋቢት 31 ቀን፣ ኢሳቤልና ፈርዲናንድ ያልተጠመቀ አይሁድ አገር ለቅቆ ይውጣ ብለው አዋጅ ፈረሙ። ብዙዎች ወደ ፖርቱጋል፣ ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ኋላም ወደ ኦቶማን ቱርክ ግዛት ተሰደዱ። ወርቅና ብር ይዞ መውጣት ተከልክሎ ነበርና ከያዙት ሁሉ ሳይነካባቸው የወጣው ቋንቋቸው ነው። ላዲኖ የምትለው ቃል እነሱ ዘንድ መጀመሪያ የምታመለክተው የቤቱን ወግ አልነበረም። ቅዱሱን መጽሐፍ ከዕብራይስጥ ቃል በቃል ወደ ስፓኒሽ መመለስን ነው፤ «ላዲኖ ማድረግ» ማለት መተርጎም ማለት ነበር። በ1547 በቁስጥንጥንያ የኦሪት መጻሕፍት ስፓኒሹ በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ ታተሙ። በ1553 ደግሞ በጣሊያን ፌራራ ከተማ ሙሉው ብሉይ ኪዳን በላቲን ፊደል ወጣ። ቃል በቃልነቱ ለጉድ ነው። «ዲዮስ» የሚለው የእግዚአብሔር ስም መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» ብዙ ቁጥር ስለምትመስል፣ አንድ አምላክ ነው ያለን ብለው «ኤል ዲዮ» አሉት። የቤቱን ንግግር ጁዴዝሞ ወይም ስፓንዮል ይሉት ነበር፤ ላዲኖ የሚለው ስም ለሁለቱም የሆነው ቀስ በቀስ ነው።

ያ ቋንቋ በሳሎኒካ፣ በኢስታንቡልና በኢዝሚር ከአራት መቶ ዓመት በላይ ኖረ። በ1943 ናዚዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40,000 በላይ የሳሎኒካ አይሁዶችን በባቡር ጭነው ወደ አውሽዊትዝ ወሰዱ። ከነሱ ጋር የሄደው ንግግር አልተመለሰም። ስፔን በ2015 ባወጣችው ሕግ ለተባረሩት ልጆች ዜግነት ልስጥ አለች፤ ማመልከቻው በ2019 ተዘጋ። ሕጉ ቤት ውስጥ ላዲኖ መናገርን የትውልዱ ማስረጃ አድርጎ ይቆጥራል። ያም ሆኖ ስፓኒሽ ከማይነገርበት አገር የመጣ አመልካች የዛሬውን ስፓኒሽ ፈተና መውሰድ ነበረበት። የአያቱን ስፓኒሽ አምስት መቶ ዓመት ጠብቆ ለመጣ ሰው ስፓኒሽ ትችላለህ ወይ ማለት ምን ይባላል?

ከስፔን ወደቦች ተነስተው ወደ ምዕራብ የሄዱት መርከቦችም ቃሏን ይዘዋት ሄደዋል። እዚያ የዋጋ ስያሜ ሆነች። በስፔን የአሜሪካ ግዛቶች አንድ አፍሪካዊ ባሪያ ከሁለት አንዱ ነው። ከመርከብ የወረደ፣ ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ «ቦሳል» ነው፤ ቃሉ እንስሳ እንዳይነክስ አፉ ላይ የሚታሰረው ማፈኛም መጠሪያ ነው። ስፓኒሽ የለመደ፣ የተጠመቀ፣ የአገሩን ጠባይ ያወቀ ከሆነ ደግሞ ላዲኖ። ላዲኖ የሆነው ያዘዙትን ይሰማል። ችግሩ ያላዘዙትንም ይሰማል። የስፔን መንግሥት በመጀመሪያ በክርስቲያን ቤት ያደጉትን ይመርጥ ነበር። በ1526 ግን ላዲኖ ባሪያዎች ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ አዲሱ ዓለም እንዳይሻገሩ ተከለከለ፤ ሌሎቹን ያሳምፃሉ ተብሎ። ያው የሲድ ዘመኑ ጆሮ ጠቢ ነው፤ ውቅያኖስ ተሻገረ እንጂ ስሙ አልጠራም።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንምጣ።

ስፔን ከእንግሊዝ ጋር በ1817 በተፈራረመችው ውል መሠረት ከ1820 ጀምሮ ከአፍሪካ አዲስ ባሪያ ወደ ግዛቶቿ ማስገባት ሕገ ወጥ ሆነ። ባርነቱ ራሱ ግን አልቀረም። ይህ ማለት ኩባ ውስጥ ላዲኖ የሆነ፣ ማለትም ከ1820 በፊት የገባ ወይም እዚያው የተወለደ ባሪያ በሕግ ይሸጣል፤ ቦሳል የሆነ ግን በሕግ ነጻ ሰው ነው። የአንድ ሰው ዕጣ በሁለት ቃላት መካከል ተንጠለጠለ። ነጋዴዎቹ ምን እንዳደረጉ ለመገመት ላዲኖ መሆን አያስፈልግም። ቦሳሉን አምጥተው ወረቀቱ ላይ ላዲኖ ብለው ይጽፋሉ።

በ1839 ከዛሬዋ ሴራሊዮን ምድር የተፈነገሉ ሰዎች ሃቫና ደረሱ። ሆሴ ሩይስ የሚባል ሰው 49 ወንዶች ገዛ፤ ባልደረባው ፔድሮ ሞንቴስ አራት ሕፃናት ገዛ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ። ከኩባ ገዥ ቢሮ የይለፍ ወረቀት ወጣላቸው፤ በወረቀቱ ላይ የስፓኒሽ ስም ተሰጥቷቸው ላዲኖዎች ተብለው ሰፍረዋል። ሰኔ 28 ቀን «ላ አሚስታድ» በምትባል መርከብ ተሳፈሩ። ስሟ ወዳጅነት ማለት ነው፤ እኛ አላወጣነውም። ከጥቂት ሌሊት በኋላ ሴንግቤ ፒዬ የተባለው ሰው ሰንሰለቱን ፈትቶ ጓደኞቹን አስነሳ። ካፒቴኑንና ምግብ አብሳዩን ገደሉ። ሁለቱን ገዢዎቻቸውን ግን መርከቧን ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲመሩላቸው ብለው በሕይወት አስቀሩ። ሞንቴስ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ እየነዳ፣ ሌሊት ሌሊት ወደ ሰሜን ያዞራት ጀመር። ወደ ሁለት ወር ከተንከራተቱ በኋላ በነሐሴ መጨረሻ ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተያዙ።

ሩይስና ሞንቴስ ወረቀታቸውን አወጡ፤ ላዲኖዎች ናቸው፣ ንብረታችን ናቸው አሉ። የስፔን መንግሥትም ይመለሱልኝ አለ። የፕሬዚዳንት ቫን ቡረን አስተዳደር ለመመለስ ዝግጁ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው። ላዲኖ ማለት ስፓኒሽ የሚያውቅ ማለት ከሆነ፣ እስቲ ስፓኒሽ አናግሯቸው! አናገሯቸው፤ የሚመልስ አልተገኘም። የየል ኮሌጁ ፕሮፌሰር ጆሳያ ጊብስ እስር ቤት ገብቶ በጣቱ እያሳየ በቋንቋቸው ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ተማረ። ከዚያ ኒው ዮርክ ወደብ ሄዶ ጥቁር መርከበኞች ባገኘ ቁጥር ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ሰው እንደ ዕብድ ሳያየው አልቀረም። በመጨረሻ ጄምስ ከቪ የሚባል በእንግሊዝ ጦር መርከብ ላይ የሚሠራ ወጣት ቁጥሩን አወቀው፤ የሜንዴ ልጅ ነበር። እስረኞቹ አፍ አገኙ።

በኅዳር 1839 ደግሞ ሃቫና ውስጥ ነጻ የወጡ አፍሪካውያንን ጉዳይ ይከታተል የነበረው አየርላንዳዊው ሐኪም ሪቻርድ ማደን ቀርቦ መሰከረ። ምስክርነቱ በአብዛኛው የቃል ፍች ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ላዲኖ ማለት ኩባ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረ ነው፣ እነዚህ ቦሳሎች ናቸው አለ። ከሁሉ ከሁሉ ሕፃናቱን ያየ ሰው ምስክር አያሻውም። ከ1820 በፊት የገባ ሰው በ1839 ቢያንስ 19 ዓመት ሊሆነው ይገባል። እነዚያ አራት ልጆች ግን ገና ልጆች ናቸው። በጥር 1840 ዳኛ አንድሩ ጃድሰን ቦሳሎች ናቸው፣ ነጻ ሆነው ተወልደዋል ብሎ ፈረደ። መንግሥት ይግባኝ አለ።

ጋዜጠኝነት ስንማር ትርጉም ከመጥቀሳችሁ በፊት ዋናውን ሰነድ እዩ እየተባልን ነው ያደግነው። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ይኸውላችሁ። ኮንግረሱ ባሳተመው የጉዳዩ ሰነድ ውስጥ የሃቫናው ይለፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፣ «ላዲኖ» የምትለዋ ቃል በቦታዋ የለችም። በሷ ፋንታ «ጤነኛ ጥቁሮች» የሚል ገብቷል። ሐሰቷ ቃል ራሷ ጠፋች ማለት ነው፤ እውነት ነው ወይ ተብሎ የሚጠየቅበት ነገር አልቀረም። ይህን ያየው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነው፤ በዚያን ጊዜ የኮንግረስ አባል ነበር። ምክር ቤቱ ውስጥ አንስቶ እንዲጣራ አደረገ። በየካቲት 1841፣ በ73 ዓመቱ፣ ለእስረኞቹ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመ። መጋቢት 9 ቀን ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ ያነበበው ፍርድ ነጻ አወጣቸው። በሕይወት የተረፉት 35 ሰዎች በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሴራሊዮን በመርከብ ተሳፈሩ።

መርከቧ ላይ አንድ እውነተኛ ላዲኖ ነበር። አንቶኒዮ ይባላል፤ የካፒቴኑ ባሪያ የሆነ ልጅ፣ ስፓኒሽ አቀላጥፎ የሚናገር። ሌሎቹን ነጻ ያወጣው ሕግ እሱን ወደ ኩባ ይመለስ አለ፤ ወረቀቱ እውነት ነበራ! አንቶኒዮ ፍርዱ እስኪፈጸም አልጠበቀም። በ1841 ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ደብቀው ሞንትሪያል አደረሱት።

ከኩባ ወደ ምዕራብ፣ ጓቴማላ ላይ፣ ቃሏ ሌላ ሥራ ይዛ ዛሬም አለች። መጀመሪያ ስፓኒሽ የለመደውን የአገሬውን ተወላጅ ነበር የምትጠራው። ኋላ ስፔንም ማያም ያልሆነውን ሁሉ ሰበሰበች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት አገሩን ለሁለት ከፍሎ ኢንዲዮና ላዲኖ አለው፤ ሹመቱና ትምህርቱ የላዲኖው፣ የቡና እርሻ ጉልበቱ የኢንዲዮው። ልዩነቱ የደም ነው እንዳትሉ ደግሞ በ1876 ፕሬዚዳንት ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ የሳን ፔድሮ ሳካቴፔኬስ ተወላጆች ከዛሬ ጀምሮ ላዲኖ ናቸው ብሎ አወጀ። ልብሳቸውንም እንደ ላዲኖ እንዲለብሱ ታዘዙ። ማታ ማያ ሆኖ ተኝቶ ጧት ላዲኖ ሆኖ መነሳት ማለት ይኸው ነው።

ይህ የሚያስቅ የሚመስል ክፍፍል ከ1960 እስከ 1996 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት የሞት ሰንጠረዥ ሆኖ ወጣ። በ1999 የእውነት አጣሪ ኮሚሽኑ ባቀረበው ሪፖርት ከ200,000 በላይ ሰዎች ተገድለዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል። ማንነታቸው ሙሉ በሙሉ ከተለየው ሰለባዎች ውስጥ 83 በመቶው ማያ፣ 17 በመቶው ላዲኖ ነበሩ።

በ2018 ጓቴማላ ሕዝቧን ስትቆጥር መዝጋቢው በመልክ፣ በልብስ ወይም በአነጋገር እንዲፈርጅ አልተደረገም። በትውልድዎ ወይም በታሪክዎ ራስዎን ማን ነኝ ይላሉ ብሎ ይጠይቃል፤ ከምርጫዎቹ አንዷ ላዲኖ ናት። 56 በመቶው ሕዝብ እሷን መረጠ። ወደ 42 በመቶው ደግሞ፣ ብዙው ስፓኒሹን አቀላጥፎ እየተናገረ፣ ማያ ነኝ አለ።